ከመግዛት በፊት ክዳኑን መክፈት
(በጭሮ፤ በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ከፊታችሁ የቆምኩት ዐዋቂ ነኝ ብዬ ሳይሆን ተሳስቼ ስለ ተማርኩ ነው። ባለፈው ዓመት እናንተ ባዋጣችሁት ገንዘብ የማኅበራችንን አሮጌ ኮምፒዩተር እንዳሻሽል አደራ ተቀብዬ ነበር። አዲስ አበባ ወርጄ ስምንት ጊጋባይት ራም ገዛሁ። 325 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዤ ጭሮ ገብቼ የማሽኑን ክዳን ስከፍት ግን፤ የገዛሁት ዲዲአር 4፤ ማሽኑ የሚቀበለው ዲዲአር 3 ሆኖ አገኘሁት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ግን ለመልቀምም አልታደልኩም፤ ዕቃውን ለመመለስ የሚያስፈልገው የመንገድ ወጪ ከዋጋው ጋራ ሊስተካከል ምንም አልቀረው።

ነገሩን ለመረዳት ሩቅ ሳንሄድ ሚኤሶን እንመልከት። የአሮጌው የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ግን 1.435 ሜትር ነው። ሁለቱም በሚኤሶ በኩል የተዘረጉ ናቸው፤ ሁለቱም ሐዲድ ይባላሉ፤ ሆኖም የአንዱ ፉርጎ በሌላው ላይ አይሄድም። የኮምፒዩተር ዕቃም እንዲሁ ነው። ዲዲአር 3 ለዴስክቶፕ የሚሆነው 240 እግር አለው፤ በ1.5 ቮልት ይሠራል። ዲዲአር 4 ግን 288 እግር አለው፤ የሚፈልገውም 1.2 ቮልት ነው። ከግርጌያቸው ያለው ክፍተት ቦታው የተለያየ ስለ ሆነ በጕልበት ቢጫኑትም አይገባም፤ የሚሰበረው ማዘርቦርዱ ነው።

እንግዲህ ሐዲዱ ማዘርቦርዱ መሆኑን እንወቅ። ዕቃ የሚመረጠው በእርሱ ልክ ነው። የማኅበራችን ማሽን ዴል ኦፕቲፕሌክስ 3020፤ ቁመተ ረጅሙ ዓይነት ነው። ሁለት የራም ማስገቢያ አለው፤ እስከ 16 ጊጋባይት ዲዲአር 3 ይቀበላል። ፓወር ሰፕላዩ ከማዘርቦርዱ ጋራ የሚገናኘው ባለ 8 እግር መሰኪያ ሲሆን፤ በገበያ የተለመደው ባለ 24 ነው። ስለዚህ ያለ አገናኝ ገመድ ተራውን ፓወር ሰፕላይ ገዝቶ መተካት አይቻልም።

በፕሮሰሰር ረገድ ደግሞ መመሳሰሉ ራሱ ያታልላል። የኢንቴል 6ኛና 7ኛ ትውልድ፤ እንዲሁም 8ኛና 9ኛ ትውልድ ሁሉም የሚቀመጡት 1151 እግር ባለው ሶኬት ላይ ነው። ሆኖም ለ7ኛው የተሠራ ማዘርቦርድ 8ኛውን እንዲቀበል አልተሠራም። ቦታው ላይ ልክ ይቀመጣል፤ ማሽኑ ግን አይነሣም።

ታዲያ ገንዘቡ ጥቂት ሲሆን ምን ይቅደም? እንደ እኔ አሳብ መጀመሪያ ኤስኤስዲ ነው። አሮጌው ሃርድ ዲስክ የሚዞር ሳሕን እየፈለገ ስለሚያነብ፤ ማሽኑ ሲከፈት ብዙ ደቂቃ የሚያስጠብቀን አብዛኛውን ጊዜ እርሱ ነው። በሳታ ገመድ የሚሠራው ኤስኤስዲ ሳታ ባለበት አሮጌ ማሽን ላይ ሁሉ ማለት ይቻላል ይገባል። ቀጥሎ ራሙን ስምንት ጊጋባይት ማድረስ ነው። ነገር ግን የተጫነው ዊንዶውስ ባለ 32 ቢት ከሆነ ከአራት ጊጋባይት በላይ አይጠቀምም፤ አስቀድሞ ይታይ። ፕሮሰሰሩ ከሁሉ በኋላ ነው።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል ከ8ኛ ትውልድ በታች ያለውን በደንቡ አይቀበልም። የእኛ ማሽን 4ኛ ትውልድ ነው። ስለዚህ ለእርሱ ሲባል ፕሮሰሰር መግዛት ከንቱ ወጪ ነው፤ በነጻ የሚገኘውን ሊኑክስ መጫን ይሻላል።

ጓደኞቼ፤ የመመረቂያ ጽሑፉን ለመጻፍ በአንድ ማሽን ፊት ተሰልፎ የሚያመሽ ተማሪ ሞልቷል። ያበላሸሁት ገንዘብ የእርሱ ሰዓት ነበር። ስለዚህ አንድ ነገር አሳስባለሁ። ማኅበሩ አንድ መዝገብ ይክፈት፤ የእያንዳንዱ ማሽን ማዘርቦርድ፤ የራሙ ዓይነትና የፓወር ሰፕላዩ መሰኪያ ይጻፍበት። ወደ ድሬዳዋም ሆነ ወደ አዲስ አበባ ለግዢ የሚሄድ ሰው ሁለት ሰዎች ያረጋገጡትን ወረቀት ይያዝ።

ያ ራም ይኸውና በእጄ አለ። ዲዲአር 4 የሚቀበል ማሽን ያለው ካለ ይግዛው፤ ገንዘቡ ወደ ማኅበሩ ሣጥን ይመለሳል፤ የጐደለውን እኔ እሞላለሁ።