የካሪቢያን ባለውለታዎቻችን



የምትመረቁበት ቀን፣ ሐምሌ 30፣ ጃማይካ በ1954 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ነፃ የወጣችበት ዕለት ነው። እዚህ ቦሌ ውስጥ የጃማይካ ስም ሲነሳ ወሬው ገርጂ ኢምፔሪያል ጋ አደባባይ ከተሰየመለት ከቦብ ማርሌ አያልፍም። ሙዚቃው ይከበር። የካሪቢያን ሰዎች ለዚህች አገር የዋሉት ውለታ ግን ከሬጌ በብዙ ዓመት ይቀድማል፤ አደባባይ በመሰየም ብቻም የሚከፈል አይመስለኝም።

የጓዳሉፕ ተወላጁ ሐኪም ዶክተር ቪታሊያን አፄ ምኒልክን አክመዋል፤ ሐረር ላይ ደግሞ ለልጅ ተፈሪ፣ ለኋላው አፄ ኃይለ ሥላሴ፣ ፈረንሳይኛ አስተምረዋል። ባርቤዶስ የተወለዱት ሙዚቀኛ አርኖልድ ፎርድ በ1923ቱ የንግሥ በዓል ሰሞን አዲስ አበባ ገብተው፣ ጣሊያን ሊወረን ሲል እዚሁ አረፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሚኞን ፎርድ ጓዛቸውን ጠቅልለው መሄድ ይችሉ ነበር፤ አልሄዱም። የወረራውን ዘመን ከእኛው ጋር አሳልፈው፣ ጠላት ሲወጣ ልዕልት ዘነበወርቅ ትምህርት ቤትን አቋቋሙ። ከጉያና የመጡት ዴቪድ ታልቦትም የኢትዮጵያን ሄራልድ ጋዜጣ በአዘጋጅነት መርተዋል።

«ስንት ሆነው ነው ታዲያ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ጥቂት ነበሩ። ግን ያገለገሉበትን ጊዜ ልብ በሉ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የጀመረው ጭፍጨፋና የተከተለው አደን ውጭ አገር ተምረው የተመለሱ ወጣቶቻችንን ፈጅቷል። በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ ክፍል ገብቶ የሚያስተምር፣ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ የሚያርም ሰው በመብራት ይፈለግ ነበር። በዚያ ሰዓት አንዲት የትምህርት ቤት መሥራች ምን ያህል ዋጋ እንዳላት ገምቱ። የራሳቸው አገሮች እኮ ገና ነፃ አልወጡም፤ ባርቤዶስና ጉያና ነፃነታቸውን ያገኙት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1966 ነው።

ከባዱ ክርክር የሻሸመኔው ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በወረራው ጊዜ ለደገፉን የውጭ አገር ጥቁሮች በ1940 ዓ.ም. እዚያ አምስት ጋሻ መሬት ሲሰጡ፣ የአካባቢውን ገበሬ ማን ጠየቀው? ቅሬታው ተገቢ ነው፤ የዘውዱ የመሬት ስጦታ ሁሉ ይህ ጥያቄ አለበት። ይሁን እንጂ የ1967ቱ አዋጅ የገጠር መሬትን ሲወርስ ሰፋሪዎቹም አብዛኛውን ይዞታቸውን አጥተዋል። ጃማይካ ሰፈር የሚባለው መንደራቸው ዛሬ የቤትና የጓሮ ሰፈር ነው። ስለ ጋንጃ የሚወራውም ቢሆን፣ ሕግ የጣሰ በስሙ ይጠየቅ እንጂ ሰፈር በጅምላ አይከሰስም።

መንግሥት በ2009 ዓ.ም. የሻሸመኔ ሰፋሪዎችን ጨምሮ ለራስተፈሪያን መታወቂያ ለመስጠት መወሰኑ የሚመሰገን ነው። ያለ ቪዛ መግባት፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ መኖር ትልቅ እፎይታ ነው። መታወቂያው ግን የምርጫ ካርድ አያስገኝም። የዜግነት አዋጅ 378/1996 ዜግነትን በውልደት የሚሰጠው በወላጅ በኩል ነው፤ እናቱም አባቱም የውጭ ዜጋ የሆኑበት ልጅ ሻሸመኔ ተወልዶ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ አፉን ቢፈታም ባዕድ ሆኖ ያድጋል። «በሩ ለሁሉም ይከፈት ማለት ነው?» ብትሉኝ፣ አይደለም። አዋጁ ራሱ ለኢትዮጵያ የላቀ አስተዋጽኦ ያደረገ የውጭ ዜጋ በተለየ ሁኔታ ዜግነት የሚያገኝበትን መንገድ አስቀምጧል። የጎደለው፣ ያ መንገድ እዚሁ ለተወለዱ የባለውለታ ልጆችና የልጅ ልጆች እንዲደርስ የማሻሻያ ረቂቅ የሚያዘጋጅ ሰው ነው። ከእናንተ መካከል ሕግ የተማራችሁ ፍትሕ ሚኒስቴር ወይም ኢሚግሬሽን ስትቀጠሩ ይህን ሥራ ጠረጴዛ ላይ አቅርቡት።