የወንዝ አፍ ማዕበልና የአርሲ ውሃ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች አንዱ በክፍሉ ስም ያሰማው ንግግር)



በዚህ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በፊታችሁ ቆመን እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን፣ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም ከልብ የመነጨ ምስጋናችንን እናቀርባለን።

የመረጥነው ርእስ በሰሌዳ ላይ ቆሞ ማዕበል ስለ መጋለብ ነው፤ ይልቁንም በሩቅ ሞቃት አገሮች፣ ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት አፍ ላይ ስለሚደረገው ግልቢያ። ይህን ስትሰሙ፣ «የስንዴና የገብስ አገር ልጆች፣ ባሕርን በካርታ እንጂ በዓይናቸው ያላዩ፣ ስለ ባሕር ማዕበል ምን አገባቸው?» የሚል ጥያቄ በልባችሁ ሳይመላለስ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችንም እንዲህ ነው፤ የወንዝ አፍ ማዕበል የሚሠራው በባሕር ዳር ብቻ አይደለም፤ ወንዙ በሚነሣበት ተራራ ላይም ነው። እኛ ደግሞ የምንኖረው ወንዞች በሚነሡበት ተራራ ላይ ነው።

ለአርሲ ሰው ግልቢያ እንግዳ ነገር አይደለም። ፈረስና ጋላቢ እንዴት እንደሚግባቡ በየሰርጉና በየበዓሉ አይተናል። ጋላቢው ፈረሱን በጉልበት አያሸንፈውም፤ ጠባዩን ዐውቆ ከርሱ ጋር ይሄዳል እንጂ። በደቡብ አሜሪካ፣ በፔሩ ባሕር ዳር፣ ሁዋንቻኮ በምትባል መንደር የሚኖሩ ዓሣ አጥማጆች ሸምበቆ የመሰለ የውሃ ዳር ተክል በነዶ አስረው ጠባብ ታንኳ ይሠራሉ፤ ዓሣቸውን ይዘው ሲመለሱም በማዕበል ጀርባ ላይ ተቀምጠው እየጋለቡ ወደ ዳር ይወጣሉ። የታንኳዋ ስም በቋንቋቸው «ካባሊቶ» ሲሆን ትርጉሙ «ትንሽ ፈረስ» ማለት ነው። እነዚያም ማዕበሉን እንደ ፈረስ ቈጥረውታል።

ጨዋታው በጣም የጠለቀ ሥር የሰደደው ግን በሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴቶች ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1779 የካፒቴን ኩክ መርከቦች በሃዋይ በነበሩ ጊዜ ጄምስ ኪንግ የሚባል መኰንን የአገሩ ሰዎች በሰሌዳ ላይ ሆነው ማዕበል ሲጋልቡ አይቶ በመደነቅ ጽፎአል። አፍሪካም ከዚህ ዕውቀት የራቀች አልነበረችም፤ በምዕራብ አፍሪካ፣ ዛሬ ጋና በምትባለው አገር የባሕር ዳር ልጆች በእንጨት ሰሌዳ በውሃ ላይ ይጫወቱ እንደ ነበር ከ1640ዎቹ ጀምሮ ተጽፎ ይገኛል። በ2024 በተደረገው የፓሪስ ኦሎምፒክ የእኛው ታምራት ቶላ በፓሪስ ጎዳና ማራቶንን ሲያሸንፍ፣ የማዕበል ግልቢያው ውድድር ከፓሪስ ከ15 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በታሂቲ ደሴት፣ ቴአሁፖ በተባለ ቦታ ተደርጎአል። በዚያ ቦታ ከተራራ የሚወርደው የወንዝ ውሃ ጨው የሌለው ስለ ሆነ ዛጎሉ ድንጋይ በመንገዱ ላይ በደንብ አላደገም፤ በዚህም የተነሣ በድንጋዩ መካከል በር ተከፍቶ ማዕበሉ በበሩ ዳር ይሰበራል። እንግዲህ እዚያም ቢሆን የተራራ ውሃ ከባሕሩ ጋር ተባብሮ የሠራው ሥራ አለ ማለት ነው።

አሁን የወንዝ አፍ ማዕበል እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ እንግለጽ። ማዕበል የነፋስ ልጅ ነው። ነፋሱ በበረታ፣ ብዙ ሰዓት በነፈሰ፣ ሰፊም ውሃ በሸፈነ መጠን ማዕበሉ ይተልቃል። በውቅያኖስ መካከል የተነሣ ማዕበል ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ተጉዞ ወደ ዳር ሲደርስ ውሃው ጥልቀት ያንሰዋል፤ የማዕበሉ እግር መሬት እየነካ ይዘገያል፤ ራሱ ግን ወደ ፊት ይቀድማል። የውሃው ጥልቀት ከማዕበሉ ቁመት ጥቂት ብቻ ሲበልጥ ማዕበሉ ተደፍቶ ይሰበራል። ወንዝ በበኩሉ ከላይ ያመጣውን አሸዋና ጠጠር በአፉ ላይ ይዘረግፋል፤ ፍጥነቱ እዚያ ሲያልቅ ሸክሙን ይጥላልና። ይህ ክምር ከውሃ በታች ወደ ባሕሩ ገባ ብሎ ይተኛል። ማዕበሉም በአንድ ጊዜ በመፈራረስ ፈንታ ከአንዱ ጫፍ ጀምሮ እንደ ተጠቀለለ ምንጣፍ በተራ ይሰበራል። ጋላቢው የሚፈልገው ይህን ነው።

በመካከለኛው አሜሪካ በኮስታ ሪካ፣ ፓቮኔስ የምትባል ከከተማ የራቀች ቦታ አለች። በዚያ ሪዮ ክላሮ የሚባል ወንዝ ያወረደው ድንጋይና ጠጠር ማዕበሉን በዓለም ከታወቁት ረጃጅም ማዕበሎች አንዱ አድርጎታል። ነገር ግን በሞቃት አገር የወንዝ አፍ ከውበቱ ጋር አደጋ አለው። ዝናብ በዘነበ ማግሥት ውሃው ይደፈርሳል፤ ግንድና ቅርንጫፍ ይወርዳል፤ የወንዙም ፍሳሽ ሰውን ወደ ጥልቁ ይገፋል። ስለዚህ ብልህ ጋላቢ እንደ ደረሰ ዘሎ አይገባም። መጀመሪያ በዳር ይቀመጣል። ማዕበሎቹ ስንት ስንት ሆነው እንደሚመጡ ይቈጥራል፤ ፍሳሹ በየት በኩል እንደሚወጣ፣ በየትስ መመለስ እንደሚቻል ያያል። ፍሳሽ ከወሰደውም ፊት ለፊት አይታገለውም፤ ኃይሉን ቈጥቦ ወደ ጐን ይዋኛል እንጂ። ይህን ቃል በልባችሁ ያዙልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

እንግዲህ ወደ አገራችን እንመለስ። የአርሲ ተራራዎች፣ ጭላሎና ካካ፣ ቁመታቸው ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ነው። ከአካባቢያችን ደጋ የሚወርደው ዝናብ በሦስት መንገድ ይከፈላል። ወደ ሰሜን የሚወርደው፣ እንደ ቀለታ ወንዝ ያለው፣ ወደ አዋሽ ይገባል። ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ የሚወርደው ወደ ዋቢ ሸበሌ ይሄዳል። ወደ ምዕራብ የሚወርደው ደግሞ በካታር ወንዝ ወደ ዝዋይ ሐይቅ፣ በሌሎችም ወንዞች ወደ ላንጋኖ ይደርሳል። የሚያስገርመው ነገር ይህ ነው፤ ከሦስቱ አንዱም እንደ ልቡ ባሕር አያይም። አዋሽ በጅቡቲ ድንበር በአቤ ሐይቅ ይቀራል። ዋቢ ሸበሌ በአብዛኛው ዘመን ሕንድ ውቅያኖስ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው በሶማሊያ ረግረግ ውስጥ ይጠፋል፤ እጅግ በሞላ ዓመት ብቻ ከጁባ ወንዝ ጋር ይገናኛል። የዝዋይ ውሃ በቡልቡላ ወንዝ፣ የላንጋኖም ትርፍ በሆራ ቀሎ ወንዝ ወርደው አብጃታ ይገባሉ፤ አብጃታም መውጫ የለውም።

ስለዚህ የአሰላ ልጅ «የኔ ወንዝ አፍ የት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ሩቅ አይደለም። ካታር ዝዋይ የሚገባበት ቦታ ነው። የአሰላ ከፍታ 2,400 ሜትር ያህል፣ የዝዋይ ሐይቅ ከፍታ 1,636 ሜትር ስለ ሆነ፣ ውሃው ስምንት መቶ ሜትር ገደማ ቁልቁል ወርዶ በዚያ ያርፋል። ሐይቁ ሰፊ ነው፤ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናል፤ ጥልቀቱ ግን በአማካይ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ስስ ውሃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይቈጣል፤ ማዕበሉም አጭርና ተደጋጋሚ ይሆናል። የፓቮኔስን የመሰለ ግልቢያ በዚያ የለም። የማዕበልን ጠባይ የሚያውቁ ሰዎች ግን አሉ። እነርሱም በደሴቶቹ ላይና በሐይቁ ዳር የሚኖሩት የዛይ ሕዝብ ናቸው። ቱሉ ጉዶን ከመሳሰሉት ደሴቶች ወደ ዳር ከውሃ ዳር ተክል በተሠራ ታንኳ ሲመላለሱ ብዙ ዘመን ኖረዋል። ነፋሱ መቼ እንደሚነሣ፣ መቼ መቅዘፍ፣ መቼ መጠበቅ እንደሚገባ ልጁ ከአባቱ ይማራል። ይህ በመጽሐፍ ያልተጻፈ ትምህርት ነው፤ ቢሆንም ትምህርት ነው።

እኛስ የደጋ ልጆች ስለ ውሃ ምን ተምረናል? ዓለም የሚያውቀን በሩጫ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የተወለደው በአሰላ፣ ደራርቱ ቱሉ የተወለደችው በበቆጂ ነው። በምድር ላይ እግራችን ይታመናል። ወደ ውሃ ሲደርስ ግን የተማርነው አንድ ቃል ነው፤ «አትጠጋ!» የሚል። ወላጆቻችን ይህን የሚሉት ስለሚወዱን ነው፤ ምክንያትም አላቸው። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይባላል። ነገር ግን በክረምት ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ገበያ ወይም ወደ ወፍጮ የሚሄድ ልጅ ወንዝ መሻገሩ አይቀርም። ሳይጠጋ እንዴት ይሻገራል? የማይቀርን ነገር መከልከል ብቻ አያድንም፤ ማስተማርም ያስፈልጋል።

የማዕበል ጋላቢዎች ዕውቀት የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። እነርሱ ሳይገቡ ያያሉ፤ እኛም ሳንሻገር እንይ። በራሳችን ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ በጭላሎ ላይ ደመና ከጠቈረ፣ ውሃው በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ቅርንጫፍ መውረድ ከጀመረ፣ ከላይም ድምፅ ከተሰማ ሙላት እየመጣ ነውና ወደ ከፍታ መውጣት ይገባል። በፍጥነት የሚወርድ ውሃ ከጉልበት በታች ቢሆንም ጐልማሳውን ይጥላል። ትንሽ ወንዝ ከሞላ በኋላ ብዙ ጊዜ በጥቂት ሰዓት ይጐድላል፤ ስለዚህ አርፍዶ መድረስ ከነጭራሹ ካለ መድረስ ይሻላል። ውሃ የወሰደው ሰው ቢኖር ፍሳሹን ፊት ለፊት አይታገል፤ በጀርባው ተንጋልሎ፣ እግሩን ወደ ቁልቁል አድርጎ፣ በሰያፍ ወደ ዳር ይቅዘፍ። በዳር ያለውም ሰው ዘሎ ከመግባት ይልቅ ረጅም እንጨት ወይም ጋቢ ያቀብል፤ አንዱን ለማዳን ሁለት እንዳይጠፉ።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በስፔን ባስክ አገር ሙንዳካ የምትባል ከተማ በወንዝ አፍ ማዕበሏ በዓለም የታወቀች ናት። በ2003 ከወንዙ ውስጥ ለመርከብ መሥሪያ ሲባል አሸዋ ተዛቀ፤ ከዚያ በኋላ በአፉ ላይ ያለው ክምር ተበላሸ፤ ማዕበሉም ጠፋ። በ2005 ሊደረግ የነበረው ዓለም አቀፍ ውድድር ቀረ። ኋላ አሸዋው በጊዜ ብዛት ሲመለስ ማዕበሉም ተመለሰ። ከዚህ የምንማረው፣ በወንዙ ላይ የተደረገ ነገር ሁሉ በአፉ እንደሚታይ ነው። የካታር ውሃ በክረምት የሚቀላው በምንድን ነው? በእርሻችን አፈር ነው። ያ አፈር በስሱ ሐይቅ ግርጌ ይተኛል፤ ወደ ተራራም ተመልሶ አይመጣም። የአሸዋ ክምር በአንዱ አገር ለጋላቢ ደስታ ይሆናል፤ በእኛ አገር ግን የአባቶቻችን ማሳ መራቈትና የዓሣ አጥማጆች ሐይቅ መደለል ነው። በአንጻሩም ውሃው ሁሉ በመንገድ ለመስኖ ቢያልቅ ሐይቁ ይጐድላል፤ የአብጃታ መሸሽ ለዚህ ምስክር ነው።

ስለዚህ በዚህ በዓል ቀን ሦስት ነገር በትሕትና እንለምናለን።

መምህሮቻችንን የምንለምነው ዋናና የውሃ ጥንቃቄ እንደ ሩጫው ሁሉ በስፖርት ትምህርት ውስጥ ቦታ እንዲሰጠው ነው። በዝዋይ ዳርቻ የቢልሃርዝያ በሽታ መኖሩ ስለ ታወቀ ቦታው በሐኪም ምክር ይመረጥ፤ የዛይ ታንኳ ቀዛፊዎችም በእንግድነት ተጠርተው ያስተምሩን።

ወላጆቻችንን የምንለምነው «አትጠጋ» ከማለት ጋር «እንዲህ አድርገህ ተሻገር፤ እንዲህ ሲሆን ደግሞ ተመለስ» ብላችሁ ለትንንሾቹ እንድታሳዩ ነው። ሴት ልጆቻችሁንም አትርሱ፤ ውሃ ለመቅዳት ከሁሉ ይልቅ ወደ ወንዝ የሚወርዱት እነርሱ ናቸውና።

ጓደኞቻችንን የምንለምነው በየማሳችን ዳር እርከን ሲሠራ፣ በወንዝ ዳር ዛፍ ሲተከል፣ «ይህ የገበሬ ሥራ ነው» ብለን በደብተራችን እንዳንሸሸግ ነው። እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ከዚህ ግቢ መውጫችን ደርሶአል። ከመውጣታችን በፊት ግን ከትምህርት ቤቱ በታች ባለው ቦይ ዳር ችግኝ ለመትከል ተስማምተናል፤ የሚያጠጣቸው ከእናንተ መካከል እንደማይጠፋ እናምናለን።

ውሃችን ባሕር አያይም። እስከ ዝዋይ ድረስ ግን ንጹሕ ሆኖ እንዲወርድ፣ በመንገዱም የማንንም ልጅ ይዞ እንዳይወርድ ማድረግ በእጃችን ነው።

እግዚአብሔር አገራችንንና ትምህርት ቤታችንን ይባርክ።