የመኪና ዘይት የሚያንጠባጥበው ከየት ነው?



ዛሬ ስለ መኪና ዘይት እንነጋገራለን። «እኛ ገበሬዎች ነን፤ መኪና የለን፤ ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን የወለጋ ቡና፣ በዓለም ገበያ «ለቀምቲ» የሚባለው፣ ከጊምቢ በነቀምቴ በኩል አዲስ አበባ የሚደርሰው በመኪና ነው። ከነቀምቴ አዲስ አበባ ብቻ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የታመመ ሰውም ሐኪም ቤት የሚሄደው በመኪና ነው። በናፍጣ የሚሠራው የወፍጮ ሞተርም ያለ ዘይት አይዞርም። እንግዲህ ነገሩ የሁላችንም ነው።

በሞተር ውስጥ ብረት በብረት ላይ ይሽከረከራል። ዘይት በመካከል ገብቶ መፋተጉን ይቀንሳል፤ ሙቀቱንም ያበርዳል። ዘይቱ ካለቀ ብረቱ ይግላል፤ ሞተሩም ተያይዞ ቀጥ ይላል።

ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ የሚሄድ መኪና ከደጋው ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ይወርዳል። ወንዙን ከተሻገረ በኋላ በቆላው ሙቀት ዳገት ይወጣል። ሞተሩ የሚደክመው ያን ጊዜ ነው። ነቀምቴ ላይ ችላ የተባለ ጠብታ ተሳፋሪውን ዳገት ላይ ሊያስቀር ይችላል።

ታዲያ ከየት ነው የሚፈሰው? የቤታችሁን ጣሪያ አስቡ። ዝናብ ሲያፈስ ውሃው ምድጃው አጠገብ ጠብ ይላል፤ ቀዳዳው ግን ሌላ ቦታ፣ ከፍ ብሎ ነው። ውሃው በማገሩ ተንሸራትቶ ነው የመጣው። ዘይትም እንደዚያው ነው። ከላይ ይወጣል፣ በሞተሩ ጎን ይወርዳል፣ መኪናው ሲሄድ ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል። በመጨረሻ ዝቅ ካለው ቦታ ጠብ ይላል። ስለዚህ ፍለጋው በተራ ይሁን።

1ኛ/ መለየት። ማታ መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁሞ ከሥሩ ካርቶን ማንጠፍ ነው። ጠዋት የሚገኘው ጠብታ ቡናማ ወይም ጥቁር ከሆነ ብዙውን ጊዜ የሞተር ዘይት ነው። ወፈር ያለና የሚከረፋ ከሆነ የካምቢዮ ወይም የዲፈረንሻል ሊሆን ይችላል። ከጎማ አጠገብ ቀጠን ያለ ከሆነ የፍሬን ዘይት እንዳይሆን ያሠጋል፤ ሳይታይ አይነዳ።

2ኛ/ መለካት። ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ደቂቃ ይቆይ። የዘይት መለኪያው ዘንግ ወጥቶ ይጠረግ፤ ተመልሶ ገብቶ ይውጣ። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆን አለበት። ከታችኛው በታች ከሆነ ዘይት ሳይጨመር ሞተሩ አይነሳ። የተጨመረው ዘይት ከነቀኑ ደብተር ላይ ይጻፍ። ፍሳሹ እየባሰ መሆኑን የሚነግረን ይህ ጽሑፍ ነው።

3ኛ/ ማጽዳት። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በጨርቅ በደንብ ይወልወል። በቆሸሸ ሞተር ላይ የድሮው ዘይት ከአዲሱ አይለይም።

4ኛ/ ከላይ ወደ ታች ማየት። መኪናው ጥቂት ተነድቶ ይቁም። መጀመሪያ የሚፈተሸው ከሁሉ ከፍ ብሎና ወደ ፊት ሆኖ የረጠበው ቦታ ነው። የላይኛው ክዳን መጋጠሚያ፣ ፊልትሮው፣ የኮፓው ዙሪያና የዘይት ማፍሰሻው ቡሎን ይታዩ። ሞተሩ የሚተነፍስበት ቱቦም አይረሳ። እሱ ከተደፈነ የውስጡ ግፊት ዘይቱን በየመጋጠሚያው ይገፋዋል፤ መድፈኛው ቢለወጥም ተመልሶ ያፈሳል።

ዘይቱ ከሞተሩና ከካምቢዮው መካከል የሚወጣ ከሆነ ካምቢዮው መውረድ ይኖርበታል። ይህ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ስለዚህ ዘይቱ ከላይ መጥቶ እዚያ የተጠራቀመ አለመሆኑ በቅድሚያ ይጣራ።

ሁለት ነገር እናሳስባለን። ቡሎን ያለ ልክ ማጥበቅ ጥርሱን ይበላል። ክሪክ ብቻ የያዘው መኪና ሥር መግባት ደግሞ ሕይወት ያጠፋል።

የወፍጮው ወይም የመኪናው ባለቤት ብትሆኑ፣ «ሞተሩ ይውረድ» ስትባሉ «ዘይቱ ከየት እንደሚመነጭ መጀመሪያ አሳየን» በሉ። ይህን ለመጠየቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። የአንድ መድፈኛ ዋጋና የሙሉ ሞተር ዋጋ አይወዳደሩም። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ!