ደመወዝ ላላወቁ ሽማግሌዎች



በጀርመን አገር በ1889 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ ሠራተኛው ከደመወዙ እያዋጣ 70 ዓመት ሲሞላው ጡረታ እንዲያገኝ ተወሰነ። ኒውዚላንድ ግን በ1898 እ.ኤ.አ. ምንም ላላዋጣ ድኻ ሽማግሌም ከመንግሥት ገንዘብ ቈረጠችለት፤ ጠባዩ መልካም መሆኑን ግን መርምራ ነበር!

በአገራችን ጡረታ የሚከተለው ደመወዝን ነው። በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የግል ድርጅት ሠራተኞችም ገቡበት። በበዴሳ ዙሪያ እንሰት ሲተክሉ የኖሩት አያቶቻችን ግን ደመወዝ አያውቁም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት በወላይታም አቅመ ደካሞችን ያለ ሥራ ሲረዳ፣ ጉልበት ያለበትን ቤተሰብ ግን ሥራ ያሠራ ነበር።

የብዙ አያቶቻችን ቤት ጉልበት እኛ ነን። እኛም ትምህርታችንን ስንጨርስ ወደ ሶዶ፣ ወደ ሐዋሳና ወደ አዲስ አበባ ልንሄድ ነው። እንሰቱን ማን ይተክላል? ይህን በእናንተ በወላጆቻችን ፊት መጠየቃችን እንደ ድፍረት አይቈጠርብን።