ስለ ሥራ መረጣና ስለ ፍሬው
(በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ አርእስት ሰው ሥራውን በምን ምክንያት እንደሚመርጥ፤ መረጣውም በሥራው ላይ ምን እንደሚያመጣ ነው። ነገሩ ለወጣቶች ብቻ የተነገረ ይመስላል፤ ነገር ግን ልጅን ወደ ሥራ የሚያገባው ብዙ ጊዜ አባቱና እናቱ ነውና ለእኛ ለሽማግሌዎቹ ይበልጥ ይገባል።

ሰውን ወደ ሥራ የሚመሩት ብዙ ናቸው፤ የአባት ሙያ አለ፤ የደመወዝ ማነስና መብዛት አለ፤ የመምህር ዓይን አለ፤ የገዛ ልቡ ዝንባሌም አለ። በአገራችን ግን ከሁሉ በርትቶ የኖረው ክብርና ነውር ነው። በማረሻው እያረስን፤ ሸማውን እየለበስን፤ በምጣዱ እየጋገርን ሠሪውን በስድብ ስም ስንጠራ ኖረናል። በኦሪት ዘፀአት ባስልኤል ወርቅና ብር ናስም ይሠራ ዘንድ መንፈስ እግዚአብሔር እንደ መላበት፤ ቅዱስ ጳውሎስም ድንኳን ሰፊ እንደ ነበረ በቤተ ክርስቲያን እናነባለን፤ ከደጀ ሰላሙ ስንወጣ ግን አንጥረኛውን እንሸሸዋለን። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በዐዋጅ ከለከሉ፤ ሆኖም ዐዋጅ ምላስን ቢያስር ልብን ቶሎ አይፈታም። የጠይቡ ልጅ ያባቱን ሙያ ሸሽጎ ወደ ሌላ ይሄዳል፤ የቀረውም ወዶ ሳይሆን ሌላ አጥቶ ይቀራል። በኀፍረት ለተያዘ ሙያ አዲስ ብልሃት የሚጨምርለት አይገኝምና ማረሻው ካባት ወደ ልጅ እንደ ነበረ ይወርዳል።

በአብነት ትምህርት ቤት ልማዱ ሌላ ነው፤ (ጥሬ የበላሁበት ቤት ነውና ባዳላለት አትፍረዱብኝ)። ተማሪው ዳዊቱን ከደገመ በኋላ ቅኔ የወደደ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ፤ ድጓ የወደደ ወደ ቤተ ልሔም፤ ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ወደ ዙር አባ፤ ቅዳሴ የፈለገ ወደ ሰለልኩላ ይሄዳል። ደመወዝ አይስበውም፤ አኩፋዳውን ይዞ እየለመነ ይማራል። ያልተስማማው ሌሊት ተነሥቶ ይሄዳል፤ የሚቀረው የወደደው ነው። ስለዚህም ቀን በልመና ደክሞ ሳለ ማታ ቅኔውን ሲቈጥር እንቅልፍ አያሸንፈውም። እዚያም ቢሆን መሳሳት አይጠፋም። ድምፅ የሌለው ልጅ ባልንጀራውን ተከትሎ ድጓ ቤት ይገባና ዓመት ባመት ያንኑ ሲቀጽል ይኖራል፤ ያው ልጅ መጻሕፍት ቤት ቢገባ ትርጓሜውን እንደ ውሃ በጠጣው ነበር።

የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ሁላችሁ ታውቃላችሁ። ትምህርት አልገባው ብሎ አጎቱ አባ ጌዴዎን ቢቀጣው ሸሸ፤ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ትሉ እየወደቀ ሲወጣ አየና ተመለሰ። ይህን ለትዕግሥት ምሳሌ አድርገን እንሰብካለን፤ መልካም ነው። እኔ ግን አጎቱንም አስባለሁ፤ ያ ልጅ ድጓን የሚያህል ዜማ እንደ ተሸከመ በበትሩ ሊያውቅ አልቻለም።

በዘመናችንም መንግሥት በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመቶው 70 በተፈጥሮ ሳይንስ፤ 30 በማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደብ ሥርዓት አውጥቶ ነበር። አገር መሐንዲስ መፈለጉ አያስነቅፍም፤ ሆኖም ቍጥር ተሞልቶ ልብ ቢጐድል ድልድዩን የሚሠራው ማን ነው? ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ በ1940 ዓ.ም. ግድም ወደ እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምህንድስና ሊማር ነበር፤ እጁ ግን ወደ ቀለሙ ሄደ። በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ ፀሐይ የሚያበራበት የመስተዋት ሥዕል የዚያ መረጣ ፍሬ ነው።

ደግሞ ፍቅር ብቻውን ይበቃል አልልም። ብዙ ሰው ሥራውን የሚወደው ከቻለው በኋላ ነው፤ ከልጅነቱ ካባቱ ጕድጓድ አጠገብ ክር ሲያዳውር ያደገ ሸማኔ ገና ስሙን ሳይጽፍ እጁ ዐዋቂ ነው። የሚጐዳው ያባት ሙያ መሆኑ ሳይሆን ልጁ ሌላ ሳያይ መታሰሩ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ልቀመጥ። ብራና ፍቆ፤ ቀለም በጥብጦ፤ ብርዕ ቀርጾ መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ዛሬ ጥቂት ነው። ማተሚያ ቤት ሥራውን ወሰደበት፤ ክብሩንም እኛ አልጠበቅንለትም። ከዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል በደብተሩ ዳር ሐረግ እየሣለ የሚቈጣ ልጅ ያላችሁ ካላችሁ፤ ከመቈጣታችሁ በፊት ደብተሩን አንድ ቀን ለእኔ አሳዩኝ።