ከሀሁ በፊት ያለው ጨዋታ

ውድ የቅድመ መደበኛ መምህርነት ተመራቂዎች፣

መስከረም ላይ ክፍላችሁን ስትረከቡ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ለቅሶ ነው። ለቅሶው ጋብ ሲል ክስ ይተካል። «ቲቸር፣ መታኝ!» «ቲቸር፣ እርሳሴን ወሰደችብኝ!» እባካችሁ ይህ ክስ አይሰልቻችሁ። «መታኝ» ብሎ የመጣው ልጅ መልሶ መማታት ይችል ነበር። እሱ ግን ንዴቱን እንደያዘ ክፍሉን አቋርጦ መጥቶ ነገሩን በአፉ ነገራችሁ። ለአራት ዓመት ልጅ ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። የሙያችሁ ዋና ጉዳይም እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በእጅ፣ በጥርስና በጩኸት የሚወጣውን ስሜት ልጁ በቃል እንዲያወጣው ማብቃት።

ቃል ያጠረው ልጅ ንዴት አያጥረውም። በአሜሪካ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ አፋቸውን ለመፍታት የዘገዩ ሕፃናት ከእኩዮቻቸው ይልቅ ቁጣቸው የበረታ ሆኖ አግኝተውታል። እኛ ግን እንዲህ ያለውን ልጅ «አስቸጋሪ» እንለዋለን፤ ጥግ ይዞ የማይናገረውን ደግሞ «ጨዋ ልጅ» ብለን እናመሰግነዋለን። ሁለቱንም የያዛቸው አንድ ችግር ሊሆን ይችላል። እኔ ከሚማታው ይልቅ ዝም ለሚለው እሰጋለሁ፤ የሚማታውን ቢያንስ ሰው ያየዋል።

የኒካራጓን ነገር ልንገራችሁ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በዋና ከተማዋ በማናጓ መስማት የተሳናቸው ልጆች በብዛት አንድ ትምህርት ቤት ተሰበሰቡ። እስከዚያ ድረስ በየቤታቸው ለብቻቸው ስለኖሩ የጋራ የምልክት ቋንቋ አልነበራቸውም። አብረው ሲውሉ ግን ማንም ሳያስተምራቸው አዲስ ቋንቋ ፈጠሩ፤ ከኋላቸው የገቡት ትንንሾች ደግሞ አበለጸጉት። ከዓመታት በኋላ ጄኒ ፓየርስና አን ሴንጋስ የተባሉ ተመራማሪዎች ለታላላቆቹም ለታናናሾቹም አንድ ታሪክ በሥዕል አቀረቡላቸው። አንድ ልጅ መጫወቻውን አስቀምጦ ይወጣል፤ እሱ በሌለበት ሌላው ቦታውን ይቀይርበታል፤ ባለቤቱ ሲመለስ መጀመሪያ የት ይፈልጋል? መልሱ ራሱ ያስቀመጠበት ቦታ ነው፤ መቀየሩን አላየምና። ታናናሾቹ በተሻለ መለሱ። ቋንቋውን የጀመሩት ታላላቆች ግን፣ ያኔ ሙሉ ሰው የሆኑት፣ ብዙውን ጊዜ ሳቱት። «አሰበ»፣ «መሰለው»፣ «አላወቀም» ለማለት የሚሆኑ ምልክቶችን እምብዛም አይጠቀሙም ነበር። ሁለት ዓመት ያህል ቆይተው እነዚያን ምልክቶች ሲለማመዱ ጥያቄውንም መመለስ ጀመሩ። ጥናቱ በ2009 እ.ኤ.አ. ታትሟል።

እኔ ይህን ባነበብኩ ቁጥር የማስበው የትምህርት ቤቶቻችንን ግቢ ነው። ሰልፍ ላይ የተገፋ ልጅ ገፊው ሆን ብሎ እንዳደረገው ይቆጥራል። እናንተ ጎንበስ ብላችሁ «ሳያይህ እኮ ነው»፣ «የሷ ቦርሳ መስሏት ነው ያነሳችው» ስትሉት፣ የሌላው ሰው ልብ ከእሱ ልብ የተለየ መሆኑን እየነገራችሁት ነው። «ይቅርታ በላት!» ብሎ ማዘዝ ፈጣን ነው፤ ጸጥታም ያመጣል። ልጁ ግን ከዚያ የሚማረው ይቅርታ የሚባል ቃል ጣጣ እንደሚያስቀር ብቻ ነው። አምስት ደቂቃ ወስዳችሁ ምን እንደተሰማው፣ እሷስ ምን እንደመሰላት አነጋግሯቸው።

ሥዕል እየሳለ ከራሱ ጋር የሚያወራውንም ልጅ «ዝም ብለህ ሥራ» አትበሉት። ሩሲያዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ፣ ባረፈበት ዓመት በ1934 እ.ኤ.አ. በታተመው ዋና መጽሐፉ፣ እንዲህ ያለው ንግግር ልጁ ራሱን የሚመራበት መንገድ እንደሆነ አስተምሮናል። «ቀስ... አሁን ቀዩን... አይ፣ ይሄን አይደለም» የሚለው ልጅ ትዕግሥትን እየተለማመደ ነው። ንግግሩ ውሎ አድሮ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ያኔ «ራሱን የሚገዛ ልጅ» ትሉታላችሁ።

ለዚህ ሁሉ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። እንቆቅልሽ አለን። «እንቆቅልህ» ያለው ልጅ «ምን አውቅልህ» እስኪባል መጠበቅ አለበት፤ ጓደኛው ምን ሊገምት እንደሚችል ያስባል፤ ያልመለሰውም አገር ሰጥቶ፣ ተሸንፎ፣ እየሳቀ ተራውን ይጠብቃል። ተራ መጠበቅንና መሸነፍን ያለ ቁጣ የሚያስተምር ከዚህ የተሻለ ነገር እኔ አላየሁም። ብዙዎቻችን በቴሌቪዥን የአባባ ተስፋዬ ሳህሉን ተረት እየሰማን አድገናል፤ ዛሬ ደግሞ ልጁ ስልክ ይዞ ይቀመጣል። ቴሌቪዥኑም ስልኩም «አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ብለው መልሱን አይጠብቁም። እናንተ ጠይቁት፤ እስኪመልስም ጠብቁት።

አሁን የምናገረው እዚህ አዳራሽ ላላችሁ የትምህርት ቤት ባለቤቶችም ነው። በአንዳንድ መዋዕለ ሕፃናት ልጆች ግቢ ውስጥ ከእንግሊዝኛ ሌላ እንዳይናገሩ ይከለከላሉ። እንግሊዝኛ ይማሩ፤ አልቃወምም። ግን የአራት ዓመት ልጅ ሲከፋው የሚያለቅሰው እናቱ ባስተማረችው ቋንቋ ነው። ያንን ስትከለክሉት «ሆዴን አመመኝ»፣ «ፈራሁ»፣ «አስቀየመኝ» የሚልበትን ነው የወሰዳችሁበት። ከቤቱ ኦሮምኛ ወይም ሲዳምኛ ይዞ አማርኛ ወደሚነገርበት ክፍል ለሚመጣው ልጅም እንዲሁ ነው፤ ቢያንስ ሰላምታውንና «ምን ሆንክ?» የሚለውን በቋንቋው ተማሩለት። ሁለት ቋንቋ መስማት አፍ መፍታትን ያዘገያል የሚባለውን አትመኑ፤ ጥናቶቹ እንዲህ አይሉም።

አብሯችሁ ከርሞም ዝም የሚል፣ ከኋላው ስትጠሩት የማይዞር ልጅ ካለ፣ «ሰነፍ» ከማለታችሁ በፊት ጆሮውን አስቡ። የጆሮ ኢንፌክሽን በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው፤ መስማትንም ይቀንሳል። የንግግር ሕክምና ባለሙያ በየከተማው የለንም፤ ጤና ጣቢያ ግን አለ። እናቱን ለብቻዋ፣ ሳትወቅሱ፣ አነጋግሯት።

ወላጆች ኅዳር ላይ መጥተው «ልጄ ስንት ፊደል ለየ?» ይሏችኋል። ንገሯቸው፤ መብታቸው ነው። ከዚያ ግን እናንተ ጨምሩበት፤ ከማን ጋር እንደሚጫወት፣ ሲከፋው ምን እንደሚል፣ ጓደኛው ሲያለቅስ ምን ብሎ እንዳባበለው። ይህን ለመናገር ልጁን አዳምጣችሁት መገኘት አለባችሁ።