ስሙ መድኃኒት፣ ግብሩ መርዝ
(በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ በጤና ኮሚቴው ስም የተነበበ)



ስለ ገበሬ ማሳ እንደምንናገር የሰሙ አንዳንድ አባሎቻችን «ኮልፌ ቁጭ ብለን የፎገራ ሩዝ ምን አገባን?» ብለውናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም አጭር ነው፤ ገበሬው በማሳው ከሚረጨው ውስጥ፣ እኛ ለትኋንና ለቁንጫ እያልን በልጆቻችን አልጋ ሥር ከምናርከፈክፈው ጋር ዘመድ የሆነ አለ።

እንደሚታወቀው ፎገራ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ያለ፣ ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ ሞልተው የሚተኙበት ሜዳ ነው። ቀድሞ ስሙ የሚነሣው በከብቱ ነበር። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ሩዝ ተሞከረና ያዘለት፤ ዛሬ ወረታ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ። ሩዝ ግን አረም ይበዛበታል። ጭቃ ውስጥ ጎንበስ ብሎ በእጅ ማረም ወገብ ይቆርጣል። ስለዚህ ገበሬው ቱ ፎር ዲ የተባለውን ፀረ አረም ይረጫል። ይህ ቅጠለ ሰፊውን አረም ይገድላል እንጂ ሣር መሰሉን አይነካም፤ ሩዝ ራሱ የሣር ወገን ነውና። ይህን ያልተነገረው ሰው «አልሠራም» ብሎ መጠኑን ቢጨምር ገንዘቡንም ጤናውንም ያባክናል። ሩዙ ከተነሣ በኋላ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም ይተከላል፤ የነፍሳቱ መርዝ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የሚያስፈራውም ይኸኛው ነው።

ማላታዮን፣ ዳያዚኖን፣ ፕሮፌኖፎስ የሚባሉት የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። የተባዩን ነርቭ በሚያውኩበት መንገድ የሰውንም ነርቭ ያውካሉ። መግቢያቸው አፍ ብቻ አይደለም፤ በቆዳና በትንፋሽም ይገባሉ። ባዶ እግሩን፣ ያለ ጓንት፣ ነፋሱ ፊቱን እየመታው የረጨ ሰው ማታ ራሱን ሲያመው «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ ያሻል። በማግስቱ ደግሞ ይረጫል። ማን ነገረው?

እኛስ? ምልክትና ጽሑፍ በሌለው ባዶ ሃይላንድ ተቀድቶ የተሸጠልንን መርዝ ገዝተን፣ በር ዘግተን ረጭተን፣ እዚያው እንተኛለን። የቀረውን ከዘይቱ ጎን እናስቀምጣለን። ልጅ ግን ሃይላንድ ካየ ውሃ ነው ብሎ ያነሣል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 674 ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ሆኖም ያለ ጽሑፍ የተቀዳው ነገር የተመዘገበ ይሁን ያልተመዘገበ በምን ይታወቃል? አለመግዛት ነው።

የመርዝ ጀሪካንም እንዲሁ ነው። ፕላስቲኩ መርዙን ስለሚመጥ በአመድም ቢታሽ፣ በፈላ ውሃም ቢታጠብ ንጹሕ አይሆንም። ስለዚህ ውሃ አይቀዳበትም፣ ጠላም አይቀመጥበትም። ለቆራሌው ከመስጠት በስቶ ከጥቅም ውጭ ማድረግ ይሻላል፤ ሌላ እናት ዘይት ልትገዛበት ትችላለችና። የተረፈውን ወደ ቦይ መድፋትም አይገባም፤ የትንሹ አቃቂ ውሃ ከታች አትክልት ይጠጣዋል፣ አትክልቱም ተመልሶ ወደ ገበያችን ይመጣል። አገራችን ጊዜው ያለፈበትን የተከማቸ ፀረ ተባይ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ወደ 1,500 ቶን የሚጠጋውን እስከ ፊንላንድ ድረስ ልካ ነው ያስቃጠለችው። መንግሥት ባሕር ያሻገረውን ነገር እኛ ቦይ ውስጥ!

ከአጠና ተራ የገዛነውን አትክልት በብዙ ውሃ አሽተን እንጠብ፤ ሁሉም ባይለቅም ይቀንሳል።

አሁን ዋናውን እናስታውስ። መርዝ የነካው ሰው ላብና ለሀጭ ከበዛበት፣ ካስመለሰው፣ የዓይኑ ብሌን ከጠበበ፣ ጡንቻው ከተንቀጠቀጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ከቦታው አውጡት። ልብሱን አውልቃችሁ ገላውን በሳሙናና በውሃ እጠቡት፤ እናንተም እጃችሁን ሸፍኑ። ጠጥቶም እንደሆነ በግድ አታስመልሱት፤ ወተትም አትጋቱት። ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱት፤ ማርከሻ መድኃኒት አለ። ዕቃውን ከነጽሑፉ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «ምን ነበር?» ብሎ ነው።